ካልሲ ሁለት ሁለት ያዙ፦ ከልጆች ጋር ወደ ደብረ ሊባኖስ ዋሻ

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይደውላሉ። «ልጆቹን ይዘን ልንመጣ ነው። ዋሻውን ታሳዪናለሽ አይደል?» ዋሻው የሚሉት ደብረ ሊባኖስ ያለውን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ ነው። እኔ የምኖረው ፍቼ ነው። 22 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ተደምረው የቤተሰቡ ደመወዝ የለሽ አስጎብኚ አድርገውኛል።

በነገራችን ላይ ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው። አንዱ የአማራው ነው፣ ደብረ ብርሃን ያለበት። ሌላው የኦሮሚያው ነው፣ እኛ ፍቼዎች ያለንበት። አንድ የአጎቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ገብቶ «ደርሻለሁ፣ የት ነሽ?» ብሎኛል። ቁርሱን እዚያው ብላ አልኩት። ምን እላለሁ? ደብረ ሊባኖስ ያለው በጎጃም መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን፣ ደብረ ጽጌን አልፋችሁ፣ ፍቼ ሳትደርሱ ትገነጠላላችሁ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ውድቀት ነበር። እህቴ ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች። መኪና ማቆሚያው ጋ አንድ ወጣት «እኔ አስጎበኛችኋለሁ» ብሎ ተከተለን። ዋጋ አልተነጋገርንም። ሽቅብ እያሯሯጠ ወሰደን፣ ዋሻው ውስጥ አስገባን፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፣ አስወጣን። ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ የጠራው ዋጋ እህቴን አስደነገጣት። ከሁሉም ያናደደኝ ግን የትንሹ ልጅ ጥያቄ ነው። ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ካልሲው ርሷል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ቀና ብሎ አየኝና «አክስቴ፣ በቃ? ይሄው ነው?» አለኝ።

ልጁ ልክ ነው። ዋሻው ትልቅ አይደለም። ባሌ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ያየ ሰው ደግሞ ጭራሽ ትንሽ ይሆንበታል። እዚያ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋይ ተራራ ሰርስሮ ያልፋል፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ምሰሶው፣ አዳራሹ ጉድ ያሰኛል። እዚያ ዝም ብላችሁ ብትሄዱም ዋሻው ራሱ ያሳያችኋል። የእኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ቸኩሎ የገባ ሰው ጨለማና እርጥብ ግድግዳ አይቶ ይወጣል። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዞውን በሙሉ የማዘጋጀው ውስጥ ለምንቆይባት ግማሽ ሰዓት ስል ነው። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

ከቤት ሳትወጡ

ቀኑን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። ወር በገባ በ24 ተክለ ሃይማኖት ነው። ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12 ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ክብረ በዓላት ናቸው። ክብረ በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ በእነዚህ ቀናት ኑ፤ እሱ ሌላ ደስታ ነው። ዋሻውን ከትንንሽ ልጆች ጋር ረጋ ብሎ ለማየት ግን አትምጡ። ልጅ በሰው እግር መሀል ምንም አያይም፣ የሚያየው ቀሚስና ሱሪ ነው። ተራ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሻላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዱን የሥራ ቀን ፈልጉ።

ወቅቱን ካላችሁኝ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ክረምት ላይ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ጉሙም ገደሉን ይሸፍነዋል። ገደሉ ላይ የሚወርደው ፏፏቴ ግን በክረምት ነው የሚያምረው። ሁለቱንም ማግኘት የፈለገ መስከረም መጨረሻ ላይ ይሞክር፤ ሱሉልታ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ እዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ይህን ሳታደርጉ ልጅ ይዛችሁ አትውጡ።

አሁን ወደ ካልሲው። ዋሻው የጸሎት ቦታ ስለሆነ ጫማ ይወልቃል። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ ቀዝቃዛና እርጥብ። የልጅ እግር ከቀዘቀዘ ነገሩ ሁሉ አለቀ፤ «እንውጣ» ማለት ይጀምራል፣ እናቱም ትሸነፋለች። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ካልሲ፣ አንዱ ወፍራም። ወፍራሙን ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ደረቁን ይቀይራል። ጫማውን ደጅ አትበትኑት። በፌስታል አድርጋችሁ አንድ ትልቅ ሰው ይያዘው። አንዴ የልጅ ጫማ አንድ እግሩን ብቻ አጥተን፣ ልጁን እስከ መኪና አዝዬ ወርጃለሁ። ከባድ ልጅ ነበር።

ልብስ፦ ነጠላ ለሁሉም። ሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስ። ሱሪ የለበሰች ልጅ ከላይ ሽርጥ ታገልድም። ፍቼ ከ2700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ብርዱ ቀልድ አይደለም። መኪና ውስጥ አንድ ጋቢ ይኑር።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፣ ሌላው ሰው ስለሚያፍር። በሥርዓቱ መሠረት የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያኑም ሆነ ዋሻው ውስጥ አትገባም። ጎረምሳ ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች ይህን ቤት ውስጥ፣ ለብቻችሁ፣ ቀደም ብላችሁ ንገሯት። በር ላይ ከአጎቶቿና ከወንድሞቿ ፊት አታሳቅቋት። የእህቴ ትልቋ ልጅ አንዴ እንዲህ ሆና እኔም ከእሷ ጋር ደጅ ቀረሁ። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ በላን፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አየን፣ ብዙ አወራን። እስካሁን ከጉዞዎቻችን ሁሉ የምታስታውሰው እሱን ነው።

ምግብ ላይ አስቡበት። ጠበል መጠጣት ወይም መጠመቅ የሚፈልግ ሰው እህል ሳይቀምስ ነው የሚሄደው። ለአዋቂው ቀላል ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን አይሆንም። እኛ ቤት ትንንሾቹ መኪና ውስጥ ዳቦና ሻይ ይቀምሳሉ፣ አዋቂው ከጠበል በኋላ ይበላል። ልጁን ጠዋት ወተት ካጠጣችሁት መንገድ ላይ ያስመልሰዋል፤ ደረቅ ዳቦ ይሻላል። የጾም ቀን ከሆነ ምሳችሁን የጾም አድርጉት። ገዳም ደጃፍ ላይ የዶሮ ሳህን መክፈት አያምርም።

ገንዘብ ዝርዝር ያዙ። በገዳሙ መንገድ ዳር የሚለምኑ ብዙ ናቸው፤ አረጋውያን፣ በሽተኞች፣ ጠበል ፈልገው ከሩቅ መጥተው የቀሩ። ልጆቹ ሳንቲሙን ራሳቸው ይስጡ። ግን ጎንበስ ብለው፣ እጅ ላይ ያስቀምጡ፤ አይወርውሩ። ይህን መኪና ውስጥ አስተምሯቸው። እግረ መንገዳችሁን «አካም ጅርቱ» ማለትንም አስለምዷቸው። የመንገድ ዳር ሻጮቹ የአዲስ አበባ ልጅ በኦሮምኛ ሰላም ሲላቸው ፊታቸው ሁሉ ይበራል። ምስጋናው «ገለቶማ» ነው። እህቴ በዚህች ቃል ብቻ እርጎ ተመርቆላታል።

አስጎብኚ

ጠዋት 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ከወጣችሁ፣ ሱሉልታ ላይ ጉም ቢይዛችሁም እስከ 3 ሰዓት ትደርሳላችሁ። መጀመሪያ ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ግቡ። ዘለው የሚመጡትን ወጣቶች በትሕትና «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንሳለም» በሏቸው። ከተሳለማችሁ በኋላ ግቢው ውስጥ ካሉት አባቶች ወይም ዲያቆናት አንዱን «ዋሻውን የሚያስጎበኘን ሰው ይሰጡናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመደብላችሁ ሰው የገዳሙን ሥርዓት ያውቃል፣ አይቸኩልም። የአካባቢ ወጣት ብትይዙም ክፋት የለውም፤ ጎበዞች አሉ። ግን ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፦ ስንት ነው፣ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንቆያለን። የሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እኔ «ውስጥ ግማሽ ሰዓት ነው የምንፈልገው፤ ብዙ ባይነግሩንም ግድ የለም፣ ዝም ብለን እንቆማለን» እላለሁ። ገርሟቸው ያዩኛል።

መነኩሴ ከሆኑ ክፍያ አትጠይቋቸው፤ ያሰባችሁትን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ክተቱ። ልጆቹ መስቀል ይሳለሙ፤ «አባታችን» ይበሏቸው። ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነ ሳታፍሩ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ምን መንካት እንዳለባችሁ፣ የት መቆም እንዳለባችሁ ያሳዩዋችኋል። ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ ይጠየቃል። «አይቻልም» ከተባለ አይቻልም ነው። ሰልፊ ሌላ ቦታ ሞልቷል።

ሽቅብ

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ዋሻው ዳገቱ አጭር ነው፤ በልጅ እርምጃ ግን አጭር የሚባል ነገር የለም። አትገፏቸው። መንገዱን ለታሪክ ተጠቀሙበት፣ ምክንያቱም ዋሻው ውስጥ ገብቶ ታሪክ መስማት ለልጅ ሁለት ሥራ ነው። ጆሮውም ዓይኑም በአንዴ አይሠሩለትም።

እኔ እንዲህ እነግራቸዋለሁ። በ13ኛው መቶ ዘመን ቦታው ደብረ አስቦ ይባል ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። አባታችን ተክለ ሃይማኖት እዚህች ዋሻ ገብተው 29 ዓመት ቆመው ጸለዩ ይላሉ አባቶች። ሃያ ሁለቱን በሁለት እግር፣ ሰባቱን በአንድ እግር፣ አንዱ እግራቸው ተሰብሮ። እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ስምንት ጦር በዙሪያቸው ተከሉ፦ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሁለት ከቀኝ፣ ሁለት ከግራ። እዚህ ጋ እቆምና «በሉ፣ በአንድ እግር ቁሙ፣ እቆጥራለሁ» እላቸዋለሁ። ዳገቱ ላይ፣ እያለከለኩ። ከሃያ የዘለለ የለም። የቤተሰቡ ሬከርድ የእህቴ ባል ነው፣ 41 ሰከንድ። እስካሁን ያወራዋል።

ለትልልቆቹ ሌላም አለ። ከየካቲት 12ቱ ቦምብ በኋላ ግራዚያኒ መነኮሳቱን ከወርዋሪዎቹ ጋር አብራችኋል ብሎ ጠረጠራቸው። ግንቦት 1929 ላይ የክብረ በዓሉ ሰሞን ገዳሙ ተከበበ፣ መነኮሳቱ በመኪና እየተጫኑ ተወስደው ተረሸኑ። አሁን የምታዩት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው፤ የተመረቀው በ1955 ነው። የባለ ቀለም መስታወት ሥራው የአፈወርቅ ተክሌ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህን አልናገርም። ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ግን እናገራለሁ። ስትወርድ መስታወቱን ለብቻዋ ቆማ ታየዋለች።

አፉ ላይ ቁሙ

ይሄ ዋናው ነው። የዋሻው አፍ ጋ ስትደርሱ አትግቡ። ቁሙ።

ዓይናችን ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ብሌኑ በሰከንዶች ውስጥ ይከፈታል፤ ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በሰባት ደቂቃ የወጣው ያ ጉዟችን ምን እንዳጣ አስቡት። ዓይናችን ገና ሥራ ሳይጀምር ነው የወጣነው።

ስለዚህ ጥላው ጋ አቁሜ «አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ በእጃችሁ ክደኑት» እላቸዋለሁ። አምስት ደቂቃ። በዚህ መሀል ጫማ ይወልቃል፣ ካልሲ ይጠለቃል፣ ነጠላ ይስተካከላል። ልጆቹ አንድ ዓይናቸውን ይዘው እርስ በርስ ሲሳሳቁ አባቶች ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ ይገባሉ፣ ቆም ይላሉ፣ የተከደነውን ዓይን ይገልጡታል። በተከደነው ዓይን ግድግዳው ይታያል፣ ባልተከደነው ጨለማ ነው። እያፈራረቁ ሲያዩ የሚያሰሙትን ድምፅ ብትሰሙ! ትንሹ ልጅ በሁለተኛው ጉዞ «አክስቴ፣ አንዱ ዓይኔ ገና ውጭ ነው!» ብሏል። ከዚህ የተሻለ አስረድቼው አላውቅም፣ 22 ዓመት ሙሉ።

የሚፈራ ልጅ ካለ አትጎትቱት። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ጅብ ይበላሃል»፣ «አባ ይቆጡሃል» አትበሉት። ጨለማውን እናንተ ናችሁ አስፈሪ ያደረጋችሁበት። እጁን ያዙና አፉ ላይ፣ ብርሃኑ ከሚታይበት ሳትርቁ አብራችሁት ቁሙ። አብዛኛው ልጅ ሌሎቹ ሲስቁ ሲሰማ ራሱ እጃችሁን ይጎትታል። ካልጎተተ ደግሞ ይቅር። ዋሻው የትም አይሄድም።

የስልክ መብራት አንድ ብቻ፣ በአንድ አዋቂ እጅ፣ ወደ መሬት ይብራ። አምስት ሰው አምስት ስልክ ካበራ የለመደው ዓይን ሁሉ ይጠፋል፤ የሚጸልይ ሰውም ይረበሻል። ጧፍ ለልጅ አታሲዙ። ነጠላ እንዴት እንደሚቀጣጠል አይቻለሁ። ደግነቱ ጠበሉ ቅርብ ነበር።

ጠብታውን መቁጠር

ውስጥ ገብታችሁ ዓይናችሁ ሲለምድ አታውሩ። ስሙ። ጠብ… ጠብ… ይላል። ውሃው ከዐለቱ የሚንጠባጠበው ነው፤ ምእመኑ ጠበል ብሎ የሚቀበለው። እኔ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዲት የጠብታ ቦታ እመድብለታለሁ። የእጅ ሰዓት ይዤ «ጀምሩ» እላለሁ፣ አንድ ደቂቃ በልባቸው ይቆጥራሉ። አንዱ 14 ይላል፣ አንዱ 9፣ አንዷ «የእኔ ቆሟል» ትላለች፤ ወዲያው ራሷ ላይ ጠብ ይልባታል። አንድ አባት አንድ ቀን ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አሉ። ልጁ «አባታችን፣ እየቆጠርን ነው» አላቸው። «ስንት ደረሰ?» «አሥራ አራት።» «እኔ ስንት ዘመን እዚህ ኖሬ ቆጥሬው አላውቅም» ብለው ሳቁ። ከዚያ እሳቸውም ቆጠሩ።

ይሄኔ ነው የልጅ ጥያቄ የሚመጣው። «በጋ ላይ፣ ዝናብ ሳይኖር ውሃው ከየት ይመጣል?» መልሱን ዋሻው ውስጥ አልሰጥም። ምሳ ላይ በእንጀራ ነው የማሳየው። ትሪ ላይ አምስት ስድስት እንጀራ እደራርብና መሀሉ ላይ ቀጠን ያለ ሽሮ አፈሳለሁ። የላይኛው እንጀራ በዓይኑ ያስገባዋል። ሁለተኛው ይጠጣል፣ ሦስተኛውም። እየዘገየ ይወርዳል። ትሪው ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል፤ ያኔ በጎን በኩል፣ በእንጀራዎቹ ጠርዝ ብቅ ይላል። ተራራውም እንደዚያ ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ላይ የጣለው ዝናብ በዐለቱ ስንጥቅ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲያጋጥመው በገደሉ ጎን ይወጣል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሰማዩ ከደረቀ ከወራት በኋላም መንጠባጠቡን አይተውም። እነሱ ይህን ይሰማሉ፣ ከዚያ ተራራውን ይበሉታል።

እናቴ ነፍሷን ይማርና ይህን ስትሰማ «ታዲያ ጠበልነቱስ?» ብላኝ ነበር። «እማዬ፣ እኔ የነገርኳቸው የመጣበትን መንገድ ነው፤ ማን እንደላከው አላልኩም» አልኳት። ዝም አለች። በዝምታዋ ያለፍኩ መሰለኝ።

ገደሉን ራሱ ከውጭ ስታዩት ንብርብሩ ይታያል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ወረድ ሲል ደግሞ የኖራ ድንጋይ፤ ያ ሁሉ አንድ ዘመን የባሕር ወለል ነበር። ይህን ስነግራቸው «ባሕር? እዚህ ሰላሌ?» ብለው ይስቁብኛል። ጂኦሎጂስቶች ያንን የአሸዋ ድንጋይ በገዳሙ ስም የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ ነው የሚሉት። የገዳሙ ስም በጸሎት መጽሐፍም በድንጋይ ጥናትም መገኘቱ እኔን ሁሌ ደስ ይለኛል።

ሌላ ዋሻ ብትሄዱ፣ በተለይ የሌሊት ወፍ ያለበት፣ አንድ ደንብ ጨምሩ። የወደቀ የሌሊት ወፍ በእጅ አይነካም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከጣሪያ የተንጠለጠለ የድንጋይ ጠብታ ካለም አትንኩት፣ አትስበሩት። የጣት ቅባት እድገቱን ያበላሸዋል። ስም መጻፍማ አይነሳ።

ከዋሻው በኋላ

ደረቅ ካልሲ። መጀመሪያ ካልሲ፣ ከዚያ ሌላው።

ከመገንጠያው ብዙም ሳይርቅ ሰው «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚለው አለ። ፖርቹጋል አልሠራውም። ያሠሩት የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ የሰላሌ ገዥ የነበሩት። ስሙ ግን አልለቅ ብሎ ቀረ። ልጆች ድልድዩን ይወዱታል፣ ውሃው ከሥሩ አልፎ ወደ ገደሉ ሲወረወር ያያሉ። የገደሉ አፋፍ መከለያ የለውም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እጁ በአዋቂ እጅ ውስጥ ይሁን፣ ለፎቶ ተብሎ እንኳ አይለቀቅ። አዋቂ ለሁለት ልጅ አንድ ካልሆነ ከመኪና አትውረዱ።

ጭላዳዎች እዚያው አፋፉ ላይ ሣር ሲነጩ ይገኛሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ሲታይ ልጆቹ ቆስለው ይመስላቸዋል፤ አልቆሰሉም፣ አፈጣጠራቸው ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። ብስኩት አትስጧቸው። አንዴ ከለመዱ ከልጅ እጅ ላይ ይነጥቃሉ፤ የእህቴ መካከለኛ ልጅ አንድ ሙዝ ተሸንፏል።

ከ9 ሰዓት በፊት መንገድ ጀምሩ። ጨለማ ሳይዛችሁ አዲስ አበባ ግቡ። ቅቤና እርጎ መንገድ ላይ ግዙ፤ እርጎው በጀሪካን ከሆነ ክዳኑን ሁለቴ አጥብቁ። የአንድ ዘመዴ የመኪና ወንበር ሦስት ወር ሸቷል።

ትንሹ ልጅ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ጉዞ ማግስት ማታ ደወለልኝ። ወጥ ቤት ነው፣ ድምፁ ያስተጋባል።

«አክስቴ፣ የእኛ 52 ነው።»

«ምኑ?»

«በደቂቃ። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ።»

«ጎበዝ» አልኩት። «በል አሁን እናትህን ጥራት፤ ቧንቧ ሠሪ ታምጣ።»